በልተሻል ወይስ በልተዋል

መሥሪያ ቤት ውስጥ እህቴን በስሟ የሚጠራት የለም። «ውሃ ልክ» ነው የሚሏት። ምክንያቱን ለማወቅ ሥራ ላይ አንድ ጊዜ ማየት ይበቃል። አንድ ነገር ሠርተው ስክሪኑ ላይ ሲያሳዩዋት አንገቷን ወደ ግራ ዘንበል ታደርጋለች፣ ከዚያ «ይኼኛው ወረድ ብሏል» ትላለች። ሌላ ሰው ምንም አይታየውም። ሲለካ ግን እውነትም ወርዷል፤ የፀጉር ያህል።

እነሱ የማያውቁት፣ ያ አንገት የእሷ አለመሆኑን ነው። አባታችን ግንበኛ ነበር። ውሃ ልኩን ግድግዳው ላይ ያስደግፍና አረፋዋ መሀል ላይ እስክትቆም ድረስ አንገቱን ልክ እንደዚያ ዘንበል አድርጎ ይጠብቃል። ከሞተ ብዙ ዓመት ሆነው። እኔ እጁን ወርሼ ሴራሚክ አነጥፋለሁ። እህቴ አንገቱን ወሰደች። እናታችን ይህን እያነሳች፣ «አንዱ እጁን፣ አንዷ አንገቱን ተከፋፈላችሁ። ለእኔ የቀረኝ ኩርፊያው ብቻ ነው» ትል ነበር።

ኩርፊያው የእሱ ይሁን የራሷ አላውቅም። እናታችን ስትናደድ አትጮህም፤ አትመታም። አንቱ ትላለች። ልጅ ሆኜ የጎረቤት መስኮት በኳስ የሰበርኩ ቀን፣ ገና ከበር ስገባ «ጌታው፣ እጅዎን ይታጠቡ፣ ምሳዎ ቀርቧል» አለችኝ። ዱላ በስንት ጣዕሙ። ትንሽ ልጅ እናቱ አንቱ ስትለው ቤቱ የሰው ቤት ይሆንበታል፤ ወንበሩም ሳህኑም አልጋውም የተዋሰው ይመስለዋል። እህቴማ ገና «እመቤቲቱ» ስትባል ነበር ዕንባዋ የሚወርደው። ደግነቱ፣ ኩርፊያዋ አድሮ አያውቅም። ልንተኛ ስንል ብርድ ልብሳችንን እያስተካከለች «ጠጋ በይ አንቺ» ያለች እንደሆነ፣ እህቴ ክንዴን ጎንተል ታደርግና «መጣች» ትለኛለች። እናታችን ቀኑን ሙሉ እቤት ነበረች፤ ለእኛ ግን የምትመጣው ያኔ ነው።

አሁን ወደ ሥራዋ ልግባ። እህቴ ለሱቆችና ለድርጅቶች የማስታወቂያ ኢሜይል ትሠራለች። አንድ ጎረቤታችን፣ «ኢሜይል መላክ ሥራ ነው እንዴ? እኔም እልካለሁ እኮ» ብሏት ነበር።

«አንተ ትልካለህ፤ እኔ እሠራለሁ» አለችው። «ፖስተኛውና ወረቀት ፋብሪካው አንድ ናቸው?»

እኔም ብሆን ነገሩ የገባኝ በራሴ ሥራ ስታስረዳኝ ነው። «ጋሼ፣ አንተ ክፍሉን ለክተህ ታነጥፋለህ። እኔ ክፍሉን አላየውም። አንዱ ቢሮው ቁጭ ብሎ በሰፊ ስክሪን ይከፍተዋል፤ አንዷ አውቶቡስ ውስጥ በአንድ እጇ ብረቱን ይዛ በተሰነጠቀ ስልክ ትከፍተዋለች። ለሁለቱም የምልከው ያንኑ ነው። ስለዚህ ወለሉ ራሱ የክፍሉን ስፋት እያየ መታጠፍ አለበት።»

በምትሠራበት ሶፍትዌር ሁሉም ነገር ሳጥን ነው። የሥዕል ሳጥን አለ፣ የጽሑፍ ሳጥን አለ፣ ከታች ደግሞ ሰው የሚጫነው በተን አለ። እየጎተተች ትደረድራቸዋለች። በኮምፒውተር ጎን ለጎን የሚታዩ ሁለት ሳጥኖች ስልክ ላይ ሲሆኑ የቀኙ ከግራው ሥር ይወርዳል። በሰፊው ስክሪን የሚያምር ረጅም ጽሑፍ ደግሞ ስልክ ላይ ግድግዳ ስለሚሆን፣ እህቴ ሁለት ሳጥን ታዘጋጃለች፤ ለረጅሙ «በኮምፒውተር ብቻ ይታይ»፣ ለአጭሩ «በስልክ ብቻ ይታይ» የሚል ምልክት ታደርግበታለች። አንዱ ሲታይ ሌላው ይደበቃል። አንድ ኢሜይል፣ ሁለት ፊት። «እንደ አንዳንድ ሰው» ትላለች።

ታዲያ ደንበኛው እውነተኛውን ጽሑፍ የሚልከው ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው። እስከዚያ ሳጥኖቹ ባዶ መሆን ስለሌለባቸው ባልደረቦቿ «ጽሑፍ ጽሑፍ ጽሑፍ» እያሉ ይሞሏቸዋል። እህቴ ይህን አትወድም ነበር። «ጽሑፍ ጽሑፍ እያለ የሚያወራ ሰው የለም። የሰው ንግግር ይረዝማል፣ ያጥራል፣ ይተነፍሳል። ቦታው ልኩ መሆኑን የማውቀው ሰው ሲናገርበት ነው» ትላለች። ስለዚህ የእናታችንን ንግግር ትሞላበት ነበር።

እናታችን በየቀኑ በምሳ ሰዓት ትደውልላታለች። ወሬው አይለወጥም።

«በልተሻል?»

«በልቻለሁ እማ።»

«ምን በላሽ?»

«ሩዝ።»

«አትዋሺኝ፣ ድምፅሽ ያስታውቃል።»

«በልተሻል?» የርዕስ ልክ ነው፤ በትልቁ ተጽፎም አይታጠፍም። «አትዋሺኝ፣ ድምፅሽ ያስታውቃል» ከርዕሱ ሥር ትገባለች። ለአንቀጽ ደግሞ፣ «ሹራብሽን ያዢ። ፀሐይ ነው ብለሽ አትመኚ፤ ፀሐይ ሲመሽ ቤቷ ትገባለች፣ አንቺ መንገድ ላይ ትቀሪያለሽ» የሚለው አለ። በተኑ ላይ «እሺ በይ» ትጽፋለች። እናታችን ሳጥኖቹን ለክታ የምትናገር ይመስል ሁሉም በቦታው ይገባል። ሥራው ሲያልቅ በቅናሽና በነፃ ማድረሻ ይተካል፤ እናታችን ትጠፋለች። በማግስቱ በሌላ ኢሜይል ትመለሳለች።

አለቃዋ «በአስቸኳይ» ይባላል። የሚጽፈው መልእክት ሁሉ በዚያ ቃል ስለሚጀምር ነው። ሻይ ሲያዝ እንኳ «በአስቸኳይ አንድ ሻይ» ይላል ብለው ያሙታል። ክፉ ሰው ነው አልልም። የሚቸኩል ሰው ነው፤ የቸኮለ ደግሞ አፍሶ ይለቅማል፤ የሚለቅመው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ነው።

ያን ቀን እህቴ የአንድ የቤት ዕቃ መደብር ኢሜይል እያጠናቀቀች ነበር። ብርድ ልብስና ትራስ በቅናሽ። እውነተኛው ጽሑፍ ደርሷታል፤ በኮምፒውተር ብቻ የሚታየውን ሳጥን ለውጣ ጨርሳለች፤ ወደ ስልኩ ሳጥን ልትሄድ ስትል እኔ ደወልኩ። እናታችን ዕቃ ማጠቢያው ጋ ወድቃ ነበር ያገኘኋት። ቀኝ እጇ አይታዘዝም፤ አፏ በአንድ በኩል ተስቧል። «ውሃው... ውሃውን ዝጋው» ብቻ ነበር የምትለኝ።

እህቴ ቦርሳዋን አንስታ አለቃዋ ጋ ገባች። «የስልኩ ሳጥን አልተለወጠም፤ ለሌላ ሰው ስጠው» አለችው።

«ሂጂ፣ ሂጂ። እኔ አየዋለሁ» አላት።

አየው። በሰፊው ስክሪኑ ላይ ከፍቶ አየው። ብርድ ልብሱ በቀኝ፣ ጽሑፉ በግራ፣ ሁሉም ያምራል። ላከው።

እኛ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ተቀምጠን የሐኪሙን በር ስንጠብቅ ስልኳ ይርገበገብ ጀመር። «በአስቸኳይ ደውዪ።» ትንሽ ቆይቶ፣ «በአስቸኳይ።» ከዚያ ምንም ማብራሪያ ሳይኖረው ኢሜይሉን ፎቶ አንስቶ ላከው። አሳየችኝ። ከላይ የመደብሩ ምልክት አለ። ከሥሩ በትልቁ «በልተሻል?» ከዚያ «አትዋሺኝ፣ ድምፅሽ ያስታውቃል።» ከዚያ ስለ ሹራቡ። ከዚያ የብርድ ልብስ ሥዕል። በስልኩ ለከፈተ ሰው ሁሉ የደረሰው ይህ ነው፤ ዛሬ ደግሞ በስልኩ የማይከፍት ማን አለ?

እህቴ ፎቶውን አየች፣ የሐኪሙን በር አየች፣ ስልኩን አጥፍታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «አባረረኝ ማለት ነው» አለች። እንደ ሰላምታ ነው የተናገረችው።

አላባረራትም። በማግስቱ ሲደውል ድምፁ ሌላ ሰው ሆኗል። ሰዎች ለመደብሩ መልስ እየጻፉ ነበር። ለማስታወቂያ መልስ የሚጽፍ ሰው ታይቶ አይታወቅም። አንዱ «አልበላሁም፣ ሥራ ላይ ነኝ» ብሏል። አንዷ «እናቴ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ያለኝ ሰው የለም» ብላለች። አንዱ ደግሞ፣ «እኔ ወንድ ነኝ፤ ቢሆንም በልቻለሁ፣ አመሰግናለሁ» ብሎ ጽፏል። ብርድ ልብሱ አለቀ። የመደብሩ ባለቤት ራሱ ደውሎ፣ ይህን ያሰበው ሰው ማን እንደሆነ ጠየቀ። «በአስቸኳይ» ማን ነው ብሎ እንደመለሰለት እህቴ አልጠየቀችም።

ሐኪሙ ለእኛ የነገረን ሌላ ነበር። ስትሮክ ነው፤ ሊደገም ይችላል፤ ከተደገመ መጀመሪያ የሚሄደው ንግግሯ ነው። «እያወራች እያለ አዋሯት» አለን። ሰውየው የእናት ልጅ መሆን አለበት፤ ይህን ሲል ወረቀቱን አላየም፣ እኛን ነው ያየው።

እናታችንን ወደ ቤት አምጥተን አልጋዋን ሳሎን፣ መስኮቱ ሥር አደረግንላት። እህቴ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እናታችን አፏ እስካለ ድረስ አጠገቧ መቀመጥ። ፈቃድ ልትጠይቅ ሄደች። የተባባሉትን ኋላ እንዲህ አድርጋ ነገረችኝ።

«እናትሽ እንዴት ናቸው?» አላት።

«ታወራለች። እስከ መቼ እንደሆነ አይታወቅም።»

«እንግዲያው በአስቸኳይ መሄድ አለብሽ» አለ። ያ ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ በቦታው ገባ። «ሂጂ፣ አጠገባቸው ቁጭ በይ። የሚሉትንም ያዢልኝ። መደብሩ ለዓመቱ የሚበቃ ይፈልጋል። ‹የእናት ቃል› ብለነዋል።»

«እሱ እኮ የእናቴ ወሬ ነው።»

«እኮ። ካንቺ የተሻለ ማን ይይዘዋል? ከቤት እየሠራሽ ነው ብዬ አስመዘግብሻለሁ። እንዲሁ ፈቃድ ካልነው ግን ረጅም ይሆናል፤ ሰው መተካት ግድ ነው። አታስቸግሪኝ፤ ለሁላችንም የሚሆን ነገር ነው ያመጣሁልሽ።»

ለሁላችንም ሲል እናታችንን ጨምሮ እንደሆነ አላውቅም። እህቴ እሺ ብላ መጣች።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ይሉ ነበር። እናታችን ቀስ እያለች ነው የምትናገረው፤ እያንዳንዱን ቃል ከጉድጓድ እንደሚወጣ ባልዲ ትጎትተዋለች። እህቴ የተፈጠረውን ስህተት ስትነግራት ግን ሳቀች፤ በግማሽ ፊቷ።

«ለሰው ሁሉ... በልታችኋል ወይ አልኩ?»

«ለሰው ሁሉ እማ።»

«ታዲያ... ምን አሉ?»

እህቴ መልሶቹን አንድ በአንድ አነበበችላት። እናታችን ለእያንዳንዱ ምላሽ ነበራት። አልበላሁም ላለው፣ «ሞኝ። ዳቦም የለው? ሥራ... ይጠብቃል፣ ሆድ አይጠብቅም» አለች። እናቷ ለሞተችባት ሴት ግን «እሷን... እኔ ነኝ በያት» አለች። እህቴ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። እኔ ልብስ የማጥፍ መሰልኩ።

የእህቴ አውራ ጣት እናታችን በተናገረች ቁጥር ስልኩ ላይ ይንቀሳቀሳል። በመጀመሪያ እናታችን አልተጠራጠረችም፤ የዘመኑ ልጅ ሁሉ እንዲሁ ነው። «ሥራ ይጠብቃል፣ ሆድ አይጠብቅም» ወዲያው ተያዘ። ስለ ጫማ ያለችው፣ ስለ ዝናብ ያለችው፣ «በር ስትወጣ ወደኋላ እይ፣ የምትረሳው ያለው እዚያ ነው» ያለችው ሁሉ ተያዘ። ከሰዓት በኋላ እናታችን ስታሸልብ እህቴ ጠረጴዛው ላይ ኮምፒውተሯን ከፍታ ሳጥኖቹን ትሠራለች። ድሮ እናታችን ቦታ ትይዝ ነበር፣ እውነተኛው ጽሑፍ ሲመጣ ትነሣ ነበር። አሁን እውነተኛው ጽሑፍ እሷ ሆናለች።

አንድ ቀን «በአስቸኳይ» ደወለ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ስለምታወራው እኔም እሰማለሁ።

«ይህ በልተሻል፣ አትዋሺኝ የሚባለው አያስኬድም» አለ። «የደንበኞቹ ዝርዝር ላይ ወንድ ሴት የሚል የተሞላው ለጥቂቱ ነው። ሁሉንም በአንቱ አድርጊው። በልተዋል፣ አይዋሹኝ። ያልቃል።»

«እናት ልጇን አንቱ አትልም።»

«አክብሮት ነው፤ ማን ይቆጣል?»

«እናት አይመስልም እያልኩህ ነው።»

«እኛ ቤት ግን ትላለች» አልኩ እኔ ከወዲህ፣ ላስቃት ብዬ። አልሳቀችም።

ብዙ ተከራከረችው። መጨረሻ ላይ ሦስት ሳጥን እንድትሠራ ተስማሙ። ሴት ለመሆኗ ዝርዝሩ ላይ ለተሞላላት አንዱ ሳጥን ይታያል፣ በልተሻል ይላታል። ወንድ ለሆነው ሁለተኛው፣ በልተሃል ይለዋል። ምንነቱ ላልታወቀ ሦስተኛው፣ በልተዋል። እህቴ ላልታወቁት እንዲያው ባይላክስ ብላ ነበር፤ አብዛኛው ሰው እነሱ ናቸው አላት። በተኑንም በሦስት ላድርግ ብላ ስትጠይቅ፣ «በተኑን ተይው፣ መደብሩ ያጸደቀው ነው» አለ። በተኑ «አሁን ይግዙ» ይላል።

ከዚያ ያ ከሰዓት በኋላ መጣ።

እኔ የታጠበ ልብስ የያዘ ሳፋ ተሸክሜ በጓሮ በር እየገባሁ ነበር። ሳሎኑ ጸጥ ብሏል። እናታችን መስኮቱን እያየች፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ እንዲህ ስትል ሰማሁ።

«ስተኛ... እፈራለሁ። ቃሌ... እኔ ሳልነቃ... ጥሎኝ የሚሄድ ይመስለኛል።»

እናታችን እፈራለሁ ስትል ሰምተን አናውቅም። አባታችን ሲሞት እንኳ አላለችም። እህቴ ቀና አለች፤ ፊቷ ላይ የሚገባው ሁሉ ነበር፣ ሐዘኑም ድንጋጤውም። አውራ ጣቷ ግን ተንቀሳቀሰ። ለምዶበት ነው። እጅ ከልብ ይቀድማል፤ እኔም ሴራሚክ ሳነጥፍ አውቀዋለሁ፣ እጅ ሥራውን ጀምሮ ልብ ኋላ ይደርሳል።

እናታችን ጣቷን አየች። ከዚያ ፊቷን አየች። ከዚያ እንደገና ጣቷን።

«ይጻፉት» አለች።

«እማ...»

«ሥራዎን... ይሥሩ እንጂ። ማን ከለከለዎት?»

አንደበቷ ባይታዘዝላትም «ዎ»ዋን አልሳተቻትም። እህቴ ተነሥታ የጻፈችውን አጠፋች፣ ማጥፋቷን ስልኩን አዙራ አሳየቻት። ከዚያ ስልኩን ወስዳ የወጥ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ፣ ከማንኪያዎቹ ጋር ዘግታበት መጣች። ባዶ እጇን ዘረጋችላት።

«እማ፣ እዪ፣ የለም። አጠፋሁት። እዪኝ።»

እናታችን ወደ መስኮቱ ዞራለች። «እርስዎ ያውቃሉ» አለች።

ሲመሽ እህቴ ብርድ ልብሷን አስተካከለችላት፣ ትራሷን ገለበጠችላት፣ ጠርዙ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። ምን እንደምትጠብቅ አውቃለሁ። «ነገ አንቺ ትልሻለች፤ አታውቂያትም እንዴ?» አልኳት። «ኩርፊያዋ አድሮ አያውቅም» አለችኝ። እኔን ማረሟ ይሁን ራሷን ማጽናናቷ አልለየሁትም።

ጠዋት እናታችን ነቃች፤ ቃሏ አልነቃም። የፈራችው እንደፈራችው ሆነ። «እርስዎ ያውቃሉ» የመጨረሻዋ ነበረች።

ከዚያ በኋላ ጥቂት ሳምንታት አብራን ነበረች። እህቴ ሾርባ በማንኪያ እያጎረሰቻት፣ «በላሽ እማ? ትንሽ ጨምሪ። አትዋሺኝ» ትላታለች። እናታችን ታያታለች። ያ አስተያየት ምን ማለት እንደሆነ እህቴ ስንት ጊዜ ጠይቃኛለች። «ደህና ነው ያየችኝ አይደል?» ትለኛለች። «ደህና ነው» እላታለሁ። ዓይን ግን አንቺና አንቱ የለውም። ቢኖረው ኖሮ አንድ ነገር ይዘን በቀረን።

የሞተች ዕለት ዝናብ ነበር። ሹራቧ አሁንም ከበሩ ጀርባ ሚስማሩ ላይ ነው፤ ማንሳት ያለብኝ እኔ ነኝ፣ ቀለም የሚቀባ ሰው ሲመጣ አነሳዋለሁ እያልኩ ነው።

«በአስቸኳይ» ቤታችን መጥቶ ነበር። ጃኬቱን አውልቆ፣ ከማያውቃቸው ጎረቤቶቻችን መሀል ዝቅተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ለረጅም ጊዜ አልተነሣም፤ ለእሱ ይህ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሊሄድ ሲል እህቴን ወደ በሩ ጠጋ አድርጎ፣ «ተረጋጊ። ምንም የሚያስቸኩል ነገር የለም። የተያዘው ለዓመቱ ይበቃናል» አላት። ሊያጽናናት ብሎ ነው።

ኢሜይሉ እኔን ያገኘኝ ሥራ ላይ ነው። የሰው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተንበርክኬ ሴራሚክ እያነጠፍኩ ሳለ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ መደብር አምፖል ስገዛ አድራሻዬን ጠይቀውኝ ሰጥቼ ነበር፤ ወንድ ሴት የሚለውን ማን ይሞላል? እጄን በጨርቅ ጠርጌ ከፈትኩት።

«በልተዋል? አይዋሹኝ፣ ድምፅዎ ያስታውቃል።»

ከሥሩ የሶፋ ሥዕል። ስልኩን ኪሴ ከትቼ የጀመርኩትን ረድፍ ጨረስኩ። ኋላ ስለካው ወርዶ አገኘሁት፤ የፀጉር ያህል አይደለም፣ ማንም የሚያየው ነው። አንስቼ እንደገና አነጠፍኩት። እቤት ስገባ ለእህቴ ምንም አልነገርኳትም። ካፍ የወጣ አፋፍ ነው ይባላል፤ የእናታችን ቃል አፋፉን አልፎ ሄዷል፣ እኔ ብጠራው አይመለስም።

እሷ ግን ደርሷት ኖሯል። ኢሜይል ከመውጣቱ በፊት ለሙከራ የሚላክላቸው ሰዎች ዝርዝር ላይ ናት፤ እዚያ ላይ ወንድ ሴት የሚባል ነገር የለም። በየጊዜው ይመጣላታል። «በልተዋል?» «ሹራብዎን ይያዙ።» «በር ሲወጡ ወደኋላ ይዩ።» የራሷ እጅ የሠራው ነው፤ ሦስተኛው ሳጥን።

ወደ ሥራዋ ተመልሳለች። ሌላ ምን ታደርግ? የሚያውቋት በዚሁ ነው፤ ዛሬም ውሃ ልክ ናት፣ ዛሬም አንገቷን ዘንበል ታደርጋለች። አንድ ቀን ምሳ ላደርስላት ቢሮዋ ገብቼ ስክሪኗን አየሁት። አዲስ ሥራ ጀምራ ነበር፣ ሳጥኖቹ ገና አልተሞሉም። «ጽሑፍ ጽሑፍ ጽሑፍ» ይላሉ።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ወጥ ቤት ስገባ ስልኳ ላይ አቀርቅራ የሆነ ነገር ትሞላለች። በትከሻዋ በኩል አየሁት፤ የመደብሩ የደንበኞች መመዝገቢያ ነው።

«ምን ልትገዢ ነው?» አልኳት።

«ምንም።»

ስሟን ሞልታለች፣ አድራሻዋን ሞልታለች። «ጾታ» የሚለው ላይ ስትደርስ ቆመች። እንደዚያ ቀላል ጥያቄ ላይ ሰው እንዲያ ሲቆም አይቼ አላውቅም። ከዚያ «ሴት» የሚለውን ነካችው፣ «መዝግብ» የሚለውን ነካችው፣ ስልኩን ደፍታ አስቀመጠችው። ያኔ ገባኝ። ዳቦ ቆረስኩ።

ዛሬ ምሳ ላይ ነበርን። ሾርባ ሠርቼ ለሁለታችንም አቀረብኩ፤ እኔ በላሁ፣ እሷ ማንኪያዋን ይዛ መስኮቱን ታያለች። የእናታችን አልጋ ከነበረበት ያልነሣነው መስኮቱን ብቻ ነው። ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ተንቀሳቀሰ። ገልብጣ አየችው። ቆይታ ወደ እኔ አዞረችልኝ።

«በልተሻል?» ይላል በትልቁ። «አትዋሺኝ፣ ድምፅሽ ያስታውቃል።» ከሥሩ የትራስ ሥዕል። ከትራሱ ሥር በተኑ። «አሁን ይግዙ።»

ስልኩን ወደ ራሷ መለሰችና አንገቷን ወደ ግራ ዘንበል አደረገች። የሚስተካከል ነገር ያገኘች መስሎኝ ጠበቅኩ።

«መጣች» አለች።

ክንዴን አልጎነተለችኝም፤ እኔን ስለመናገሯም እርግጠኛ አይደለሁም። ከዚያ ድምፅዋን ትንሽ ዝቅ አድርጋ፣ ለስልኩ፣ «በልቻለሁ» አለች።

ሾርባዋ ፊቷ እንዳለ ነበር። ቀዝቅዞ ላዩ ቆዳ አውጥቷል። ሳህኑን አንሥቼ መልሼ አሞቅኩት።